ታርጋዋ ስለተፈታ መኪና ለማንሻ ክፍሉ ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ማንሻና ማቆያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአካል ስለመቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ የማኅተምዎ ቀለም ያልደረቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ ደኅና ይሁኑልዎ፤ ደም ግፊትም ስኳርም የወገብ ሕመምም በደጅዎ አይለፉ። ከሁሉም በላይ ኩላሊትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። ይህችን የመጨረሻዋን ምኞት ለወጉ ያህል የጻፍኳት አይምሰልዎ፤ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ምክንያቱን ይደርሱበታል።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሠራተኛነት ያገለገልኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። ሰባት ኃላፊዎች በላዬ ተፈራርቀዋል፤ የሰባቱንም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ «በመመሪያው መሠረት» ሲባል መመሪያው እንዳልተነበበ፣ «በአስቸኳይ» ሲባል ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ እንደወጣ፣ «በአካል ቀርበው» ሲባል ደግሞ ሰውዬው እንዲመጣ ሳይሆን እንዲሰለቸው እንደተፈለገ ገና ፖስታውን ሳልቀድ አውቃለሁ። ይህን የምነግርዎ እንደ ሥራ ባልደረባ እንዲያዩኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ በበራችን ሥር ገብቶ አገኘሁ። የተጻፈው ለባለቤቴ ነው። ውሃ ሰማያዊ ቀለም ያላት አሮጌ መኪናችን ከግቢያችሁ እንድትለቀቅ መፈቀዱን ያበሥርና፣ ባለንብረቱ በአሥራ አምስት ቀናት ውስጥ በአካል ቀርበው በራሷ ሞተር አስነሥተው ካልወሰዷት ለብረት ቅላጭ እንደምትሰጥ ያስታውቃል። ባለቤቴ ይህን ጥሪ ሊያከብር አልቻለም። ደብዳቤው ሲደርስ ከተቀበረ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ከአሥራ አምስቱ ቀናት ስድስቱ አልፈዋል፤ በቀሩት ዘጠኝ ቀናት ውስጥ መኪናዋን ላወጣ ነው ይህን የምጽፈው።

ተናድጄ አይደለም። ንዴት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። ጠዋት እነሣለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እደፋዋለሁ። ሰው ሁሉ አልቅሺ ይውጣልሽ ይለኛል፤ ምን እንደሚወጣልኝ አላውቅም። እጄ ግን መጻፍ አልረሳም፤ ስለዚህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ስለ መኪናዋ ጥቂት ልበል፤ እርስዎ የሚያውቋት በመዝገብ ቁጥር ብቻ ነውና። ሰፈሩ «አክስት» ነው የሚላት፤ ቀስ ብላ ስለምትሄድ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ስለምትጭን፣ ስትመጣም ከሩቅ ስለምትሰማ። ባለቤቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት፣ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ታጥቦ ሲወጣ እግሩ አይጸናለትም፤ አውቶቡስ ጥበቃ መቆም የማይታሰብ ነው። አክስት በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ የፊት ወንበሯን ወደ ኋላ ለጥጬ አስተኛውና እኔ እየነዳሁ ቀስ ብለን እንመለሳለን። እናንተ በቅጻችሁ አሮጌ ብረት ያላችኋት እኛ ዘንድ ይህ ነበር ሥራዋ።

ጋራዥ ደጅ መጥናት የሰለቸን የአካባቢው የመኪና ባለቤቶች በስልክ የምንመካከርበት ቡድን አለን፤ ስሙ «ኮፈን ከፋቾች» ነው። አንዱ መኪናው የምታሰማውን ድምፅ ቀድቶ ይልካል፤ ሌላው ካንዴላ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ካንዴላ አይደለም፣ ይቺ የሚያስፈልጋት ጸሎት ነው ይላል፤ አራተኛው እባክህ ሬዲዮውን አጥፍተህ እንደገና ቅዳው ይለዋል። የትኛው መለዋወጫ ኦሪጅናል፣ የትኛው የስም ኦሪጅናል እንደሆነ፣ መኪና በገመድ ሲጎተት ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፍሬኑን እንዴት እንደሚይዝ የምንማማረው እዚያ ነው። ጋሽ ክሪክ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ፤ ክሪካቸውን ለሰፈሩ ሁሉ እያዋሱ አሁን ማን ዘንድ እንዳለ ራሳቸውም አያውቁም። እትዬ ራዲያተር የምንላቸው ጨርቅ ነጋዴ አሉ፤ ሦስት ጀሪካን ውሃ ሳይጭኑ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ አንበሳ ባናስርም ብዙ ጭስ ማውጫ በሽቦ አስረናል።

ቡድኑ አንድ የማይሻር ሕግ አለው፦ ሞተር ሲከፈት ታርጋ ይፈታል። ከዓመታት በፊት አንድ አባላችን የፍሬኑን ዕቃ አውርዶ የጎደለውን ሊገዛ ሲሄድ፣ ምንም ያልሰማው አማቹ መኪናዋን አስነሥቶ ወጣና አጥር ላይ ሁለት ጥርሱን ትቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መኪና በቤት ስትጠገን ሁለቱም ታርጋዎች ተፈትተው ማድቤት ይሰቀላሉ፤ ታርጋ የሌላትን መኪና ማንም ተሳስቶ አይነዳትምና። ጥገናው አልቆ ታርጋው ሲመለስ ደግሞ ባለመኪና የሆነ ጎረቤት ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ታርጋ የሌላት መኪና ያየ ሰው፣ ታማለች፣ ሰው አላት ብሎ ያልፋል። እናንተ ከሌላ ሰፈር ናችሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ከሆስፒታል ስንመለስ አክስት ሳል ሳል አድርጓት በራችን ላይ ቆመች። ሐሙስ የባለቤቴ እጅ የሚጸናበት ቀን ስለነበር ካርቡሬተሩን፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚያደባልቀውን ዕቃ፣ አውርዶ የማድቤታችን ጠረጴዛ ላይ ፈታታው። ሰዓት ሲፈታ እንደሚያደርገው ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ፣ እያንዳንዷን ብረት በወጣችበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረና ጠረጴዛው አጠገብ እንዳላስነጥስ እንኳ አዘዘኝ። የተበላችው አንዲት መርፌ ነበረች፤ ከጥርስ መፋቂያ አትበልጥም። እትዬ ራዲያተር ቅዳሜ ይዤላችሁ እመጣለሁ ብለው በቡድኑ ላይ ጻፉ። ዓርብ ጠዋት በጋሽ ክሪክ መኪና ሆስፒታል ደርሰን ስንመለስ ግን ክሬናችሁ መጥታ ሄዳለች። ካፊያ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ረጥቦ አክስት የቆመችበት ብቻ ደርቋል። ባለቤቴ ደረቁ ላይ ቆሞ፣ ጎማዋን ልታስነፋ ሄዳ ይሆናል አለኝ። በመንገዳችን ላይ የተቃጠለ አንድ አምፖል ለመቀየር ሦስት ዓመት የጠበቅን ሰዎች ስለሆንን፣ አንዲትን አሮጊት በአንድ ቀን ውስጥ አይቶ፣ ፈርዶ፣ አንሥቶ መሄድ ቀላል ትጋት እንዳልሆነ እናውቃለንና እጅ ነሥተናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጻችሁ ጥንቃቄ። ቅጹ «ተሽከርካሪዋ ሰሌዳ የሌላትና የተጣለች ሆና በመገኘቷ፣ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎባት ሦስት ቀን ከተጠበቀ በኋላ ተነሥታለች» ይላል። ከዓርብ ሦስት ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ አክስት ታርጋዋ ከፊትም ከኋላም ነበራት፤ ረቡዕ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል በተባለው መስታወቷ ፊት ለፊት እያየች በመሥሪያ ቤትዎ በር አልፋ ሆስፒታል ደርሳ ተመልሳለች። እኔም በዘመኔ የዛሬን ደብዳቤ በትናንት ቀን ጽፌያለሁና አልፈርድም፤ በእኔ ጊዜ ግን ቢያንስ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ቀና ብለን እናይ ነበር። ለማስታወስ ያህል፣ ክሬናችሁ ራሷ የኋላ ታርጋ የላትም። ባለቤቴ ነው ግቢያችሁ ሲመጣ ያየው፤ እሷን ደግሞ ማን ሊያነሣት ነው ብሎ ለግማሽ ቀን ሲጨነቅላት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መስኮታችሁ። የማቆያው መስኮት የሚከፈተው ሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ መሆኑን፣ ባለንብረቱም በአካል መቅረብ እንዳለበት በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይናገራል። ቀኖቹን ሲያነቡ ከላይ የጻፍኳቸው የሕክምና ቀናት ትዝ ይበሉዎት። ሆስፒታሉን ቀን ቀይሩልን አልን፤ ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ነውና አልተቻለም። እኔ ልሂድለት አልኩ፤ ውክልና አምጪ ተባልኩ። ውክልና የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ ወካዩ በአካል ይቅረብ ይላል፤ የሚከፈትባቸውን ቀናት እርስዎ ይገምቱ፣ አይሳሳቱም። መኪናዋ ትቅር አልኩት። እንዲያው ምን ታደርግልናለች፣ ጋሽ ክሪክ እያመላለሱን አይደለም ወይ አልኩት። የሰው መኪና ላይ እየተጫንን እስከ መቼ፣ ሰዓት እኮ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቢቀር ይስተካከላል አለኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ከሰዓት ጠጋኝ ጋር ኖሬ ሰውና ሰዓት አንድ አለመሆናቸውን ሳላስረዳው ኮቱን አቀበልኩት።

የመጀመሪያው ሰኞ ሕክምናውን ትቶ መስኮታችሁ ሥር ተሰለፈ። መርፌዋ ቅዳሜ ደርሳ ስለነበር ካርቡሬተሩን መልሶ ገጣጥሞ፣ በሰዓት መጥረጊያ ጨርቁ ጠቅልሎ፣ በጫማ ካርቶን አድርጎ ብብቱ ሥር ይዞታል። መቀመጫ የለምና ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ተራው ሲደርስ ሊብሬውን አሳየ። ሰሌዳ የሌላት መኪና ባለቤት የላትም፣ ባለቤት የሌላት መኪና ደግሞ በሊብሬ አትጠየቅም ተባለ። ይህን ዐረፍተ ነገር ባለቤቴን ሁለት ጊዜ አስደግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ የተዋጣለት አልጻፍኩም። ቆይተው የሻንሲ ቁጥሯን የሚያመሳክረው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነው፣ ዓርብ ይምጡ አሉት። ረቡዕ ታጠበ። ዓርብ ሄደ፤ አልታጠበም። ቁጥሩ ተመሳክሮ ሃያ ዓመት የነዳት መኪና የእሱ መሆኗ ታወቀለት።

አራተኛ፣ ስለ አወጣጥ ሥርዓታችሁ። ከግቢያችሁ የምትወጣ መኪና በራሷ ሞተር መውጣት አለባት። ሞተሯ እንዲነሣ ካርቡሬተሩ መገጠም አለበት። በግቢው ውስጥ ግን ማንኛውም ጥገና ክልክል ነው። ከውጭ ጎታች ማስገባትም ክልክል ነው። ክሬናችሁ ደግሞ ማስገባት እንጂ ማስወጣት በሥራ ዝርዝሯ ውስጥ የለም። እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ሲባል ስሰማ አርጅቻለሁ፤ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ በመስታወት ተለብጦ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ያየሁት እናንተ ዘንድ ነው።

ነገሩ በቡድናችን ላይ ሲነገር ምክሩ ጎረፈ። አንዱ ግቢው ወደ በሩ ተዳፋት ስለሆነ ማርሹን ባዶ አድርጎ ዝም ብሎ መልቀቅ ነው አለ፤ ሌላው ያለ ሞተር የወጣች መኪና ወጣች አትባልም፣ አመለጠች ነው የምትባለው አለ። እትዬ ራዲያተር ሰው ሁሉ ገብቶ ተሸክሞ ያውጣት፣ መሸከም ክልክል ነው የሚል አልተጻፈም አሉ። ባለቤቴ ይህን አንብቦ እስኪያስለው ሳቀ። ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው፤ ለዚህም ሥርዓታችሁን አመሰግናለሁ።

ያን ዓርብ ካርቶኑን ከፍቶ ለመስኮቷ ሠራተኛ አሳይቷት ነበር። አራት ቡሎንና አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምፈልገው፣ ከፈለጋችሁ ፖሊስ አቁሙብኝ አላት። ልጅቷ ከልቧ አዘነች፤ ኃላፊው ቢፈቅዱ እንጂ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ በጽሑፍ ያመልክቱ አለችው። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩት። ስርዝ ድልዝ የለውም፣ ኅዳጉ የተስተካከለ ነው፣ ዶሴው ውስጥ ካለ አውጥተው ይዩት። ፊርማው ግን በመስኮቱ ፊት መፈረም ነበረበትና ሰኞ ደግሞ ሄደ። ሰኞም አልታጠበም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሆስፒታል ስንሄድ፣ በጋሽ ክሪክ መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ ራሱን ትከሻዬ ላይ እንዳስደገፈ ሞተ። ካርቶኑ እግሩ ሥር ነበር፤ ስንመለስ በማቆያው በኩል እናልፋለን፣ ምናልባት ፈቅደው ይሆናል ብሎ ነው የያዘው። ጋሽ ክሪክ በመስታወታቸው አይተው መኪናዋን ዳር አስያዙና ሞተሩን አጠፉ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ክላክስ አደረጉ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። በእናንተ ምክንያት ነው አላለም፤ እኔም አላልኩም፤ ቀኖቹን ብቻ ነው በተራ የጻፍኩት። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም፤ እስከ ዛሬም አላለቀስኩም።

አምስተኛውን ሰርዤዋለሁ። ስለ ማቆያችሁ መጸዳጃ ቤት ነበር፤ አሁን ሳየው ምንም አልመሰለኝም።

ስድስተኛው ያለ አሽሙር የቀረበ ምስጋና ነው፤ እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው ለይቼ የምጽፈው። የግቢያችሁ ዘበኛ፣ የአክስት ሞተር ላይ ካርቡሬተሩ የነበረበት ቀዳዳ ክፍት መሆኑን አይቶ፣ ዝናብ እንዳይገባባት ኮፈኗ ላይ ላስቲክ አልብሶ በድንጋይ አስይዞላታል። ማንም አላዘዘውም፤ እኛንም ምንም አልጠየቀንም። ባለፈው ዓርብ በአጥሩ ሽንቁር አየኋት፤ ላስቲኩ እንዳለ ነው። ይህን በመጻፌ ክፉ እንዳያገኘው እለምናለሁ፤ በግቢው ውስጥ መኪና ማልበስም ክልክል ከሆነ ጥፋቱን በእኔ ስም ያስመዝግቡልኝ።

ሰባተኛ፣ ስለ ደብዳቤዎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ለክቡርነትዎ መጥቀስ ድፍረት ስለሆነ አልጠቅሰውም። ደብዳቤው ግን ባለንብረቱ በአካል ይቅረቡ ስለሚል ባለፈው ዓርብ መስኮታችሁ ድረስ ሄጄ መቅረብ የማይችሉበትን ምክንያት አስረዳሁ። ያችው ሠራተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነፍስ ይማር እናቴ፣ ያን ካርቶን ይዘው የነበሩት ጋሼ ናቸው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። እንግዲያው ወራሽነትዎን በፍርድ ቤት አረጋግጠው ይምጡ ነው የሚለው መመሪያው አለችኝ፣ ዐይኔን ሳታይ። ወራሽነት ለማረጋገጥ አምስት ወር ይፈጃል፤ ለብረት ቅላጩ የቀሩት ዘጠኝ ቀናት ናቸው። ሁለቱም ቁጥሮች ከመሥሪያ ቤት የወጡ ስለሆኑ የሚያስታርቃቸው ሰው ከመሥሪያ ቤት ቢገኝ ይሻላል።

እዚህ ላይ በቅጻችሁ ያልተጠየቀ አንድ ነገር ላስመዝግብ።

ታርጋዎቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። ያን ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያጎነብስ፣ ተይው ለሁለት ቀን ነው፣ ደግሞ መንገድ ላይ ናት አለኝ። እኔ ግን ሕግ ሕግ ነው አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት መመሪያ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለሌላው የሚሠራ ሕግ ለእኛ ለምን ይቀራል ብዬ መፍቻ ይዤ ወጣሁ፤ አራቱን ቡሎን ፈትቼ ታርጋዎቹን ማድቤት ሰቀልኳቸው። ቀና ብዬም አየኋቸውና ልክ ነው አልኩ። መኪናዋን ሊነዳት የሚችል ሌላ ሰው በቤታችን እንደሌለ፣ ልጅም አማችም እንደሌለን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ሕጉ ለምን እንደወጣ ሳልጠይቅ ሕጉን ፈጸምኩ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እርስዎን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ አንድ ዓይነት ሰዎች ነን። ያንን መፍቻ ባልያዝኩ ኖሮ እላለሁ፤ ፊቴን ስታጠብ እላለሁ፣ ሻዩን ስደፋ እላለሁ። ከተሰማኝ የሚሰማኝ ይህ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ያቃጥለኛል።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። መመሪያ ይሻርልኝ አላልኩም። የአንድ ሰዓት ፈቃድ ይስጡን። ጋሽ ክሪክ አራት ቡሎን ያስራሉ፣ እትዬ ራዲያተር ውሃ ይሞላሉ፣ ሌላው አባል ባትሪ ያመጣል፣ እኔ ቁልፉን አዞራለሁ። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጨርቁን እንኳ አልፈታሁትም። ባለቤቴ በዕድሜው ስንት ሺህ ሰዓት እንደጠገነ አላውቅም፤ አንዱንም ግን ጆሮው ሥር አስጠግቶ መሄዱን ሳይሰማ ለባለቤቱ መልሶ አያውቅም። ይህን የመጨረሻውን ሳይሰማው ሄደ። እኔ ልስማለት። ከተነሣች በራሷ ሞተር በበራችሁ ትወጣለች፤ ካልተነሣች ለብረት ቅላጩ ስጧት፣ ቃሌ ነው፣ ሁለተኛ ደብዳቤ አልጽፍም።

ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የምከፍለው ውለታ ስለሌለኝ በጸሎቴ አስብዎታለሁ። መስኮትዎ ሰፊ፣ ሰልፍዎ አጭር ይሁን፤ እርስዎም አንድ ቀን በሰው መስኮት ሥር ሲቆሙ፣ መቼም ሁላችንም እንቆማለን፣ ግንቡ ለመደገፍ የሚመች ይሁንልዎ።

በመዝገብዎ ተራ ቁጥር ያላት፣ መመሪያዎን ከነነጥቡ የምታውቅ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢሏትም የማትቀየም፣ ማኅተምዎን ከሩቅ የምታከብር፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የሚሠሩ ሁለት ኩላሊቶች የምትመኝ፣

የሰዓት ጠጋኙ ሚስት

ግልባጭ፦
ለ«ኮፈን ከፋቾች» ቡድን
ለመስኮቷ ሠራተኛ፣ እንዳዘነች እንዳየሁ እንድታውቀው
ለብረት ቅላጩ፣ ዘጠኙ ቀን እስኪሞላ እንዲታገሥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንጋይ ጠራቢው ሥራ በዝቶበት የመቃብሩን ድንጋይ ከወር በኋላ ነው የማደርሰው ብሎኛል። እስከ ትናንት ድረስ አፈሩ ላይ ስምም ቁጥርም አልነበረም። መለያ የሌለውን ሁሉ የተጣለ ነው ብላችሁ እንደምታነሡ ስለማውቅ፣ ትናንት የአክስትን የፊት ታርጋ ወስጄ ራስጌው ላይ አቁሜዋለሁ፤ የኋላው ማድቤት ተሰቅሎ እሷን ይጠብቃል። ባለንብረቱንና ሰሌዳውን አንድ ላይ ማመሳከር ከፈለጉ፣ ከመቃብሩ ቦታ ዋና በር ገብተው በስተቀኝ አሥራ አራተኛው ረድፍ ነው። መስኮት የለውም፣ ሰልፍ የለውም፣ ሰኞም ረቡዕም ዓርብም ክፍት ነው። ይምጡ፤ በአካል አለ።